ሁለት አሮጌ መኪናዎችና አንድ ሚዛን



አባቶቻችን በቅሎ በበቅሎ ወይም በሬ በበሬ ሲለዋወጡ፣ ገበያው ዳር ቆመው ጥርስ ይመለከቱ፣ ሰኮና ያነሡ፣ የጀርባውን ጠባሳ በእጃቸው ይዳብሱ ነበር። በሬው ተጠምዶ ካልታየ፣ በቅሎይቱም ተጭና ዳገት ካልወጣች፣ እሺ ብሎ የሚስማማ አልነበረም። ዛሬ በሁሩታና በአካባቢዋ የበቅሎይቱን ሸክም የተቀበለችው የናፍጣ ፒክአፕ ናት። የእርስዋን ጥርስ እንዴት እንደምንመለከት ግን ከእኛ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ በጎረቤታችን ቤት የሆነውን፣ እኔም በነገሩ ውስጥ ገብቼ የተማርሁትንና የተሳሳትሁትን፣ ለቤተ ሰብ መማሪያ ይሆን ዘንድ በዚህ ወር ልጽፍላችሁ አሰብሁ።

ጎረቤታችን በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ሠርተው የሚያድሩ፣ ስማቸው በከተማው የተመሰገነ ሰው ናቸው። ያላቸው ሀብት አንዲት ባለአንድ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። በመኸር ጊዜ ስንዴና ገብስ፣ በሌላው ወራት ድንችና ሽንኩርት ከሁሩታ ጭነው፣ በደራ በኩል ወርደው አዋሽን ተሻግረው አዳማ ያደርሳሉ፤ ሲመለሱም ለባለሱቆች ዘይት፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ያመጣሉ። በዚህችው መኪና ልጆቻቸውን አሳድገዋል፤ ታላቂቱም ልጃቸው በአሰላ ከተማ የነርስነት ትምህርቷን ልትፈጽም አንድ ዓመት ቀርቷታል።

አንድ ቀን ማታ እኚህ ጎረቤቴ ወደ ቤቴ መጡና፣ «መምህር፣ እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ አንድ ነገር ይመዝኑልኝ» አሉኝ። ነገሩም እንዲህ ነበር። በአዳማ የሚኖር አንድ ነጋዴ፣ ባለሁለት ጋቢና አይሱዙ ፒክአፕ አለው። መኪናዪቱም እንደ እርሳቸው አሮጌ ናት፤ ግን ቀለሟ ያምራል፤ አምስት ሰው ታስቀምጣለች። ነጋዴው የእርሳቸውን ቶዮታ ወስዶ የእርሱን አይሱዙ ሊሰጣቸው ፈቅዷል፤ ሆኖም 250,000 ብር ጭማሪ ይፈልጋል። ይህን ያህል ገንዘብ በቤታቸው የለም፤ ያለው በባለቤታቸው እጅ በሚቀጥለው ወር የሚወጣው ዕቁብ ብቻ ነው። ያም ዕቁብ የተጣለው ስለ ልጅቱ የመጨረሻ ዓመት ክፍያ እንደ ሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ጋሼ» አልኋቸው። «መካኒክስ ሞልቷል፤ የሚመዝን ነው የጠፋው» ብለው መለሱልኝ። እኔም የተማሪ ደብተር አወጣሁና በገጹ መካከል መሥመር አሰመርሁ፤ በቀኝ «አይሱዙ»፣ በግራ «ቶዮታ» ብዬ ጻፍሁ። ይህን ገጽ አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን፣ እንዲህ ያለው ልውውጥ በአሁኑ ጊዜ ለምን እንደ በዛ ጥቂት ልናገር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186፣ አገልግሎ በሚገባ ተሽከርካሪ ላይ ከአዲሱ የበለጠ፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥርም የሚጨምር ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ የመኪና መለዋወጫም ሳይቀር፣ በብር ሲቈጠር ተወደደ። እንግዲህ ቀድሞ የገባችው አሮጌ ፒክአፕ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች እንጂ ወደ ጡረታ አትሄድም። ባለአነስተኛ ሀብት የሆነ ቤተ ሰብ አዲስ መግዛት ስለማይሆንለት፣ አሮጌውን በአሮጌ መለወጥን እንደ ዕድገት ይቈጥረዋል።

መለወጥ ደግሞ ከመግዛት ይልቅ ያታልላል። በገንዘብ የሚገዛ ሰው የሚመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሱ ብር ብር ነው፤ ሕመም የለበትም። አሮጌን በአሮጌ የሚለውጥ ግን ሁለት ነገር መመርመር ይገባዋል። ሆኖም አንዱን ዘወትር አብሮት ስለሚውል፣ ሁለተኛውንም አጥብቆ ስለ ተመኘው፣ ሁለቱንም የመረመረ ይመስለዋል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚሉ አሉ። አነጋገሩ ለክርስቲያን ጆሮ ባያምርም፣ ስለ አሮጌ ሞተር ሲነገር ግን ጥቂት እውነት አለበት። የምናውቀው ጉድለት ዋጋው ይታወቃል፤ የማናውቀው ጉድለት ግን ዋጋውን የሚነግረን መንገድ ላይ ካቆመን በኋላ ነው።

የናፍጣ ሞተር ምንነቱ ሳይታወቅ ሕመሙ አይታወቅም። ሩዶልፍ ዲዘል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ ሠርቶ ያሳየው ይህ ሞተር፣ እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነድም። ፒስተኑ አየሩን በእጅጉ ያምቀዋል። እንደ እነዚህ ባሉት የቀድሞ ፒክአፖች ውስጥ አየሩ ወደ ሃያኛ እጁ ገደማ ስለሚጠብ ይግላል፤ ግለቱም ከ500 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ግለት ላይ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ሕይወት እመቃው ነው። ፋሻው ካለቀ፣ ቫልቩ ካልገጠመ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ከተበላ፣ አየሩ ይሾልካል፤ ግለቱ ይጐድላል፤ በተለይም በብርድ ጧት መነሣት ያቅተዋል።

ይህንን ያስረዳኝ በአዳማ የሚሠራ አንድ ጐልማሳ መካኒክ ነው። «መምህር፣ ሞተር የሚመረመረው እንደ በሽተኛ ሳይበላ ሳይጠጣ በጧት ነው» ብሎ መከረኝ። እኛም በቀጠሮው ቀን ማልደን ወደ ነጋዴው ግቢ ስንደርስ፣ መካኒኩ ምንም ሳይናገር እጁን በኮፈኑ ላይ አኖረ። ኮፈኑ ሞቋል። ሰውየው እኛ ሳንደርስ አስነሥቶ አሙቆታል ማለት ነው። ጎረቤቴ ሊቆጡ ሲሉ መካኒኩ በጨዋ ደንብ፣ «ነገ እንመለሳለን፤ ነገ ግን እኛ እናስነሣው» አለ። ሰውየውም አፈረና እሺ አለ።

በማግስቱ ቀዝቃዛው ሞተር ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ተነሣ። መጀመሪያ ነጭ ጢስ ወጣ፤ ጥቂት ቈይቶም ጠፋ። የጢስን ቀለም ማወቅ ለማንም ቤተ ሰብ ይጠቅማልና ልግለጸው። በብርድ ጧት ታይቶ ወዲያው የሚጠፋ ነጭ ጢስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጢስ ግን ውሃ ወደ ማቃጠያው መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ይነግራል። ጥቁር ጢስ ናፍጣው ከአየሩ በልጦ መረጨቱን ያሳያል። በዚህ ላይ ከፍታን ማሰብ ይገባል። ሁሩታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ አየርዋ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ በአዳማ ጥቂት ጥቁር ጢስ የሚያወጣ መኪና ወደ እኛ ዳገት ሲወጣ ይብሱን ይጠቁራል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። አይሱዙዪቱም በአዋሽ መልካሳ መንገድ ላይ በተሞከረች ጊዜ ጥቁር ጢስ ታይቶባታል።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፈተ፤ ከዚያም የሚወጣው ትንፋሽ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ይህ ለአይሱዙዪቱ መልካም ምስክር ነበር። ሌላም መልካም ነገር ነበራት። ቶዮታዪቱ የቫልቮቿን ጊዜ የምትጠብቀው በጎማ ቺንጋ ነው፤ ይህም ቺንጋ እንደ መመሪያው 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ መለወጥ አለበት፤ በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ተጋጭተው ሞተሩ ይሰበራል። የአይሱዙዪቱ ሞተር ግን ጊዜውን የሚጠብቀው በብረት ጥርስ ስለሆነ ይህ ሥጋት የለበትም። የናፍጣ አጠቃቀሟም ያነሰ ነው። የቶዮታዪቱ ሞተር ወደ 3,000 ሲሲ፣ የአይሱዙዪቱ ወደ 2,500 ሲሲ ነው። ከሙሉ እስከ ሙሉ ሞልተን ስንለካ፣ ቶዮታዪቱ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር፣ አይሱዙዪቱ 10 ሊትር ፈጁ።

ከዚህ በኋላ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ተመለከትን፤ 214,000 ይላል። ሰውየው መኪናዪቱን ለ16 ዓመት በቀን 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሠራባት ነግሮን ነበር። እኔም በደብተሬ አባዛሁ። በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢታሰብ 80 በ300 ሲባዛ 24,000 ይሆናል፤ ያም በ16 ዓመት ሲባዛ 384,000 ይመጣል። እንግዲህ መኪናዪቱ ሰባት ዓመት ቆማ ካልኖረች በቀር ቁጥሩና ቃሉ አይስማሙም። መቁጠሪያ ሊበላሽ፣ ሊለወጥ፣ ወደ ኋላም ሊመለስ ይችላል። የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫ ጎማ፣ የነጂው መቀመጫና የመሪው ዙሪያ ግን ከቁጥሩ ይልቅ እውነተኞች ናቸው። በአይሱዙዪቱም የፍሪሲዮኑ መርገጫ እስከ ብረቱ ተበልቶ ነበር።

በመጨረሻም መካኒኩ ከሥር ተኝቶ ገባ። ሲወጣም ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የኋላው ባሌስትራ በሚንጠለጠልበት በኩል ሻንሲው ተሰንጥቆ በብየዳ ተሠርቷል፤ ላዩም በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። እንዲህ ያለ ፒክአፕ የተሠራው አንድ ቶን ያህል፣ በእኛ አነጋገር አሥር ኩንታል ሊሸከም ነው። የእኛ ሰው ግን ሃያም ይጭንበታል። ሞተር ሲሞት ሌላ ሞተር ይገባል፤ ሻንሲ የተሰበረ እንደ ሆነ ግን መኪናው የጀርባ አጥንቱ እንደ ተሰበረ ሰው ነው።

ማታ ወደ ሁሩታ ተመልሰን በጎረቤቴ ቤት ተቀመጥን። እኔም ደብተሬን ዘርግቼ ሒሳቡን አስረዳሁ። ጎረቤቴ ቶዮታዪቱን ከያዙ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሲገዟት 240,000 የነበረው ቁጥር 412,000 ደርሷል፤ ይህም በዓመት 19,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ጉዞ ላይ አይሱዙዪቱ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሊትር ብታተርፍ፣ በዓመት 380 ሊትር ናፍጣ ታተርፋለች። መልካም ትርፍ ነው፤ ማንም ቤተ ሰብ በዕለቱ ዋጋ አባዝቶ ሊያየው ይችላል። ነገር ግን የጋቢናዋ ሁለትነት የጭነት ቦታዋን አሳጥሮታል። እኛ በለካነው ልክ ቶዮታዪቱ አሥር ጆንያ የምትወስድበትን አይሱዙዪቱ የምትወስደው ስምንት ነው። ከአሥር ሁለት ሲጐድል ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ አንድ አምስተኛው ጐደለ ማለት ነው። ስለዚህ በናፍጣ የዳነው በጭነት ይጠፋል፤ በላዩ 250,000 ብር ይወጣል፤ ከሥርም የተበየደ ሻንሲ አለ። እኔም በሒሳቤ ተደስቼ፣ «ጋሼ፣ ወይ ጭማሪውን ወደ 100,000 ያውርድ፤ ወይ ይቅርብዎ» አልሁ።

ባለቤታቸው እስከዚያ ድረስ ቡና ሲያፈሉ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር። አሁን ግን ረከቦቱን ገፋ አድርገው፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዚያን ሰው መኪና አንድም ሳታስቀሩ ጻፋችሁ። የእኛይቱ ውሃ እንደምትጠጣስ ለሰውየው ነግራችኋል?» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጎረቤቴ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። እኔም ደብተሬን ተመለከትሁ። በቀኝ በኩል ያለው ገጽ እስከ ግርጌው ሞልቷል፤ በግራ በኩል ግን «ጠንካራ ናት፤ አሥር ጆንያ ትወስዳለች» የሚል አንድ መሥመር ብቻ ነበር። ቶዮታዪቱ በየሳምንቱ ውሃ ታጐድል እንደ ነበር፣ ራዲያተሩም ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ይደፍቅ እንደ ነበር እኔም አውቅ ነበር፤ አንድ ቀን ከደራ ወዲህ ቆማብን በጀሪካን ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። የቺንጋው ነገርም እንዲሁ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተለወጠም፤ ጉዞውም 172,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ወደ አዳማ በወረድንበት ጧት ጎረቤቴ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሲሞሉ አይቻለሁ፤ ምንም አልተናገርሁም።

አንባብያን ሆይ፣ እኔ በልጅነቴ ዲያቆን ሆኜ አገልግያለሁ፤ በኦሪት ዘዳግም ስለ ትልቅና ስለ ትንሽ ሚዛን የተጻፈውን ሕግ ከመምህሬ ፊት ተቀምጬ ተምሬአለሁ። ለተማሪዎቼም ያልተሟላ ሒሳብ የተሳሳተ ሒሳብ ነው እያልሁ አስተምራለሁ። የዚያን ዕለት ግን የኮፈኑን መሞቅ እንደ ትልቅ ነውር ቈጥሬ ስፈርድ፣ የራዲያተሩን መሞላት እንደ ብልኀት አሳለፍሁት። ሁለቱ ግን አንድ ሥራ ናቸው።

ጎረቤቴ ቀና ብለው፣ «እርሱስ የሻንሲውን ብየዳ መች ነገረን?» አሉ። ባለቤታቸውም፣ «እርሱ ስላልነገረን ነው እኮ ሁለት ቀን የደከማችሁት» ሲሉ መለሱ። ጥቂት ቈይተውም፣ «መንገድ ላይ ሙቃ ብትፈነዳበት፣ የሚጭነው የሰው እህል፣ የሚያሳድገው የእርሱ ልጆች ናቸው» አሉ።

ሕጉም ከወይዘሮዋ ጋር ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በተሸጠ ዕቃ ላይ የተሠወረ ጉድለት ሲገኝ ሻጩን ኀላፊ ያደርጋል። ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል ሸሽጎ እንደ ሆነም፣ «ለጉድለቱ ኀላፊ አይደለሁም» የሚል ቃል በውሉ ቢያገባ እንኳ ቃሉ አያድነውም። ዕቃ በዕቃ የሚለዋወጡ ሰዎችም እያንዳንዳቸው ለሚሰጡት ዕቃ እንደ ሻጭ ናቸው። በአንጻሩ ገዢው አውቆ የተቀበለውን ወይም ዓይን ላለው ሰው ግልጽ የሆነውን ጉድለት ኋላ አላየሁም ሊል አይችልም። እንግዲህ ጉድለትን አስቀድሞ መናገር ሻጩንም ከክስ ይጠብቃል። ሆኖም ያን ማታ ጎረቤቴን ያሳሰባቸው ፍርድ ቤቱ አልነበረም፤ ሌሊቱን እንዳልተኙ በማግስቱ ነግረውኛል።

በሦስተኛው ቀን አብረን ወደ አዳማ ወረድን። ጎረቤቴ ለነጋዴው ውሃውንም ቺንጋውንም ነገሩት። ሰውየው ዝም ብሎ አዳመጠ፤ በመጨረሻም፣ «እኔም ሻንሲውን እንዳያችሁት ገምቻለሁ። ጠጠር ስጭንባት ነው የተሰነጠቀችው» አለ። የመቁጠሪያውን ነገር ግን አላነሣም፤ እኛም አላነሣንበትም። ጭማሪውን ሊተወው ነው ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። እርሱ ግን ጥቂት አስቦ፣ «እንግዲህ እኔም ሌላ ሕመምተኛ አልጨምርም፤ ሁላችንም የየራሳችንን ብናስታምም ይሻላል» አለና እጃቸውን ጨብጦ ተሰናበተ። ልውውጡም በዚሁ ቀረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢፈጸም ለጽሑፌ ያማረ ነበር። የሆነውን ሁሉ ልናገር ብያለሁና ልቀጥል። ጎረቤቴ ከዕቁቡ ገንዘብ 70,000 ብር መድበው ጓርኒሲዮኑንና ቺንጋውን ሊያስለውጡ መኪናዪቱን ወደ መካኒኩ ወሰዱ። ቴስታታው ሲፈታ ግን መሰንጠቁ ታየ፤ ሌላ ቴስታታ ተፈልጎ ሥራው በ130,000 ብር ተፈጸመ። መኪናዪቱ ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ቆመች። የልጅቱ ክፍያ ከቀረው ተከፈለ፤ ለቤቱ ጣራ ታስቦ የነበረው ግን ወደሚመጣው ዓመት ተላለፈ። በዚህ ላይ ምንም ሳይናገሩ ቢለውጡ ኖሮ ያ ሁሉ ወጪ በሌላ ሰው ላይ ይወድቅ እንደ ነበር ግልጽ ነው።

ከጥቂት ወር በኋላ፣ «ጋሼ፣ ስለ ተናገሩ ተቈጭተዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር እቈጫለሁ» አሉኝ፤ ቀጥለውም፣ «ነገር ግን ያን ሰው በአዳማ ገበያ ባገኘሁት ጊዜ መንገድ አልለውጥም። ባለፈው ሳምንትም ከሱቁ የምወስደው ጭነት ሰጥቶኛል» አሉ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኋቸውም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልውውጥ ለሚያስብ ቤተ ሰብ ያገኘሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ። መኪናውን በቀዝቃዛ ሞተር፣ በጧት ብርሃን ተመልከቱ፤ ኮፈኑ ሞቆ ካገኛችሁት ያለ ጠብ በማግስቱ ተመለሱ። ከሞተሩ አስቀድማችሁ ሻንሲውን ከሥር እዩ፤ ቀለም አዲስ የሆነበትን ቦታ በተለይ መርምሩ። የመቁጠሪያውን ቁጥር ከዓመቱና ከሥራው ጋር አባዝታችሁ አስተያዩ። ባዶ መኪና በሜዳ ላይ ማንኛውም ይሮጣል፤ ስለዚህ ዳገት ላይ፣ ቢቻልም ጭነት አኑራችሁ ሞክሩት። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን፣ መኪናው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ አለመያዙን አረጋግጡ፤ ቦሎውንም ተመልከቱ። ውሉን በምስክር ፊት በቃል ብቻ አትተዉት፤ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስመዝግቡት፤ የተነጋገራችሁበት ጉድለትም በጽሑፍ ይግባበት። የጭማሪው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣና ለምን ታስቦ እንደ ነበር፣ ባልና ሚስት አስቀድመው ይነጋገሩ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ወረቀት ወስዳችሁ መሥመር ስታሰምሩ፣ በግራ በኩል ካለው ከራሳችሁ ጀምሩ። መጻፉን ለቤቱ እመቤት ብትሰጡ ይበልጥ ይሟላል፤ መኪናዪቱ በየሳምንቱ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደምትጠጣ ቀድታ የምትሰጥ እርስዋ ናትና።

የእኔን ደብተር አልጣልሁትም። በግራ በኩል የቀረውን ባዶ ቦታ ያን ማታ በዚያው ቤት ሞልቼዋለሁ፤ አሁን የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼን የማባዛትና የመቶኛ ሒሳብ የማለማምድበት እርሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ሁለቱን ዓምዶች ደምራ ስታበቃ፣ «መምህር፣ በግራ ያለው በሌላ ቀለም የተጻፈው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም እውነቱን ነገርኋት።